ዳያዜፓም በተራ ማዘዣ ለምን አይሰጥም?

ጠያቂ፦ ለእናቴ ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት ታዞላት ሦስት ፋርማሲ ዞርኩ። ሁሉም "በዚህ ወረቀት አይሆንም" አሉኝ። ፊርማም ማኅተምም አለው እኮ! ምንድነው የጎደለው?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ፋርማሲስት ነኝ። ችግሩ የወረቀቱ ዓይነት ነው። እዚህ ኢትዮጵያ ተራው ማዘዣ እንደ አሞክሲሲሊን ላሉ የተለመዱ መድኃኒቶች ነው፤ ዳያዜፓምና ፌኖባርቢታል የሳይኮትሮፒክ (አእምሮ ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች)፣ ሞርፊንና ፔቲዲን ደግሞ የናርኮቲክ (ሱስ ሊያስይዙ የሚችሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች) ልዩ ማዘዣ ይፈልጋሉ፣ ያለዚያ ብንሰጥ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን። ወረቀቱም እኛ ጋ ይቀራል፣ ሕጋዊ ማስረጃ ነው። ሐኪሙ ጋ ተመለሺና በልዩው ይጻፍልሽ።

መልስ 2፦ አዲሱም ላይ የጤና ተቋሙ ማኅተም መኖሩን ሳታዪ እንዳትወጪ፣ እኔ አባቴን ይዤ በዚሁ ተመልሻለሁ። ደግሞ እማማ ሲወስዱት የቆዩ ከሆነ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው፣ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ደውዪ።

ጠያቂ፦ እሺ፣ አሁኑኑ እደውላለሁ።