ከሩጫ በኋላ የሚለበስ ኮምፕሬሽን (እግርን ተጭኖ የሚይዝ) ካልሲና ታይት ልኩ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ የሐረጎ ሯጭ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በቅርቡ ከደሴ ተነሥቼ በሐረጎ ቁልቁለት እስከ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር መሮጥ ጀምሬአለሁ፤ እስካሁን በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ቅዳሜ ሮጫለሁ። መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ስለሚወርድ በሩጫው ሰዓት እምብዛም አይከብደኝም፤ እሑድ ማታና ሰኞ ግን ጭኖቼን ስለሚቆረጥመኝ ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ተደግፌ ነው። ለዚህ ይረዳሻል ተብዬ ሁለት ነገር አገኘሁ፤ አንደኛው ውጭ አገር ያለች እህቴ በጫማዬ ቁጥር ገምታ የላከችልኝ እስከ ጉልበት የሚደርስ ኮምፕሬሽን ካልሲ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሰልባጅ የገዛሁት ረጅም ታይት ነው።

ካልሲው ከጉልበቴ ሥር አንቆ ይይዘኝና ሳወልቀው ጥልቅ ሰንበር ይተዋል፤ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ግን ተጨማዶ ይቀመጣል። አንድ ሌሊት እንዳደረግሁት ተኝቼ፣ የእግር ጣቶቼ ጉንዳን የወረራቸው ያህል ሲነዝሩኝ ነቃሁ። ታይቱ በአንጻሩ ያለ ምንም ትግል ይገባል፤ ጉልበቱም ላይ ይንዘላዘላል። ሻጩ «የሚሠራው ሲጠብቅ ነው» ብሎኝ ነበር። ለመሆኑ ትክክለኛው ጥብቀት የቱ ነው? ከሩጫ በኋላስ ለስንት ሰዓት ይለበሳል?

መልስ 1፦ ፊዚዮቴራፒስት (ደሴ)

እህቴ፣ ከገለጹት እንደምረዳው ችግሩ ካልሲው በጠቅላላው መጥበቡ ወይም መስፋቱ ሳይሆን ጥብቀቱ መገልበጡ ነው። እንዲህ ያለው ካልሲ የሚሠራው ከፍተኛው ግፊት ቁርጭምጭሚት ላይ ሆኖ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየቀነሰ እንዲሄድ ነው፤ ዓላማው በደም መልስ ሥሮች ውስጥ ያለው ደም ወደ ልብ እንዲመለስ ማገዝና እብጠትን መቀነስ ነውና። በእርስዎ እግር ላይ ታችኛው ላልቶ ላይኛው ስለጠበቀ፣ ካልሲው ደሙን ወደ ላይ በማገዝ ፈንታ ከጉልበት ሥር እንደ ገመድ አስሮታል። ጫፉ ተጠቅልሎም ከሆነ ጨርቁ ድርብ ስለሚሆን ግፊቱ በዚያው ቦታ ይብሳል።

የዚህ ሁሉ መነሻ የጫማ ቁጥር ነው። የጫማ ቁጥር የመርገጫን ርዝመት እንጂ የባትን ውፍረት አይናገርም፤ በቁመትና በክብደት መምረጥም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ እኩል ቁመትና ክብደት ያላቸው ሁለት ሰዎች የተለያየ ባት ሊኖራቸው ይችላልና። ባት ካልሲው ከተሠራለት መጠን ሲወፍር ጨርቁ አብዝቶ ይለጠጣል፣ አብዝቶ የተለጠጠም አብዝቶ ይጫናል፤ ቁርጭምጭሚት ሲቀጥን ግን ላስቲኩ ሳይለጠጥ ስለሚቀር የሚጫንበት ኃይል አያገኝም። ስለዚህ ጠዋት ከአልጋ እንደወረዱ፣ እግር ቆሞ ውሎ ሳያብጥ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ፦ ከቁርጭምጭሚት አጥንት ከፍ ብሎ ያለውን ቀጭን ቦታ፣ የባትን ወፍራም ቦታ፣ እንዲሁም ከወለል እስከ ጉልበት መታጠፊያ ያለውን ርዝመት። ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጫነው። ከዚያም ልኬቱን ከአምራቹ ሰንጠረዥ ጋር ያስተያዩ። ማሸጊያው ላይ ግፊቱ በሚሊሜትር ሜርኩሪ ከተጻፈ 15–20 ወይም 20–30 የሚለው የተለመደ ነው፤ ከ30 በላይ ያለውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይልበሱ።

በልኩ የሆነ ካልሲ ሲለበስ ትንሽ ያታግላል፤ ከተለበሰ በኋላ ግን እኩል ይይዛል እንጂ አያምም። ሲወልቅ የሽመናው ስስ ምልክት ቢታይ ችግር የለውም። ጣት ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ግን ወዲያው ይውለቅ። የደም ቅዳ ሥር ጥበት ያለበት ወይም በስኳር ሕመም ምክንያት እግሩ መሰማት ያቆመ ሰው ሐኪም ሳያማክር መልበስ የለበትም። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ካልሲ መፈለጉ ቀርቶ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

የሰዓቱን ነገር በተመለከተ፣ በጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚለበሰው ከልምምድ በኋላ ለ12 ወይም ለ24 ሰዓት ያህል ነው፤ ይህንን ካልሲ ግን ለአንድ ሰዓትም አልመክርዎትም። ደግሞስ የሚያምዎት ጭን ሆኖ ሳለ የባት ካልሲ ምን ያደርጋል? ሐረጎን ሲወርዱ ፍሬን የሚይዘው የፊት ጭን ጡንቻ ነው፤ እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም የሚጎዳውም እሱ ነው።

መልስ 2፦ ልብስ ሰፊ (ሰኞ ገበያ)

የካልሲውን ነገር ባለሙያው ስላብራሩት እኔ ስለ ታይቱ ልናገር። እንዲህ ዓይነቱ ጨርቅ ናይለን ሲሆን የሚለጠጠው ውስጡ ባለው የላይክራ ክር ነው። ክሩ ሞቶ እንደሆነ ለማወቅ ጉልበቱ አካባቢ አንድ ስንዝር ያህል ይዘሽ በሁለት እጅሽ ጎትተሽ ወደ መስኮት ብርሃን አቅኚው። ክሩ ከተበጣጠሰ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነጫጭ ጫፎች ከጨርቁ ላይ ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ስትለቂውም ቶሎ አይሰበሰብም፣ እንደ ተሸበሸበ ይቀራል።

አጥብበው ስፉልኝ ብለሽ ወደ እኛ እንዳትመጪ። አንድ ልጅ ለምኖኝ በተራ ክር ቀጥ ያለ ስፌት አስገባሁለት፤ ሲለብሰው ስፌቱ ተርተር ብሎ ተፈታ፣ ያልተፈታውም ጭኑን ፍቆት መጣ። እንዲህ ያለ ጨርቅ አብሮ የሚለጠጥ የዚግዛግ ወይም የኦቨርሎክ ስፌት ይፈልጋል፤ ያም ሆኖ ጠበበ ማለት ግፊቱ ተስተካከለ ማለት አይደለም። አዲሱን ስታገኚ በለብታ ውኃ እጠቢው እንጂ በረኪና አታስነኪው፣ አትጭመቂውም። ደሴ ጉም ሲውል ልብስ ከሰል ማንደጃ አጠገብ ማስጣት ልማዳችን ነው፤ ላይክራን የሚገድለው እሱ ነው።

መልስ 3፦ አሠልጣኝ (ኮምቦልቻ)

እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ስፖርትስ ሜዲስን የወጣ፣ 12 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ኮምፕሬሽን ልብስ የጡንቻ ሕመምን በመቀነስና ኃይልን በመመለስ ረገድ መጠነኛ ጥቅም እንዳለው አሳይቷል። ሆኖም የለበሰ ሰው መልበሱን ስለሚያውቅ፣ ከጥቅሙ ምን ያህሉ ከጨርቁ፣ ምን ያህሉ ከእምነቱ እንደመጣ መለየት ይከብዳል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ሁለተኛው ቅዳሜ እንደ መጀመሪያው አመመሽ?

የጠያቂዋ ምላሽ

ጋሼ፣ አላመመኝም፤ ግማሹን ያህል እንኳ አይሆንም። ታይቱን ያገኘሁት በሁለቱ ቅዳሜዎች መካከል ስለነበር ምስጋናውን ለእሱ ነበር የሰጠሁት። ዛሬ መስኮት ላይ ወጥሬ ሳየው ግን ነጫጭ ጫፎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

እግሬንም ጠዋት ለካሁ። ቁርጭምጭሚቴ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ባቴ 38 ሆነ፤ ማሸጊያው ደግሞ ቁርጭምጭሚት ከ22 እስከ 25፣ ባት ከ32 እስከ 36 ይላል። በሁለቱም በኩል ከልኩ ውጭ ነኝ።

አሠልጣኙ

ልዩነቱ የታይቱ ላይሆን ይችላል። ጡንቻ አንድ ጊዜ ቁልቁለት ከቀመሰ ለሚቀጥሉት ሳምንታት ያንኑ ሥራ በትንሽ ጉዳት ይችለዋል። በመጀመሪያ ሐረጎን ሙሉውን ከመውረድ ይልቅ አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ወርደሽ መመለስ ነበረብሽ።

ፊዚዮቴራፒስቱ

ለእህትዎ ልኬት ሲልኩ የጭንዎንም ይጨምሩ፤ ከጉልበት ሎሚ ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው እንደለኩ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት፣ ቁጥሩንም አብረው ይጻፉላት። ቁርጭምጭሚትና ባት የተራራቁበት እግር በአንድ መጠን ላይገኝ ስለሚችል፣ ካልሲውን ትታ እስከ ወገብ የሚደርስ ታይት ብትፈልግልዎ ይሻላል።