የጓሮ ጎመናችንን ትል ጨረሰው፤ ቅጠሉን እየቀጠፍን ስለምንበላ ምን ብንጠቀም ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ

የተከበራችሁ አባላት፣ በግቢያችን ጥግ ባለች አነስተኛ መደብ ላይ የሐበሻ ጎመንና ጥቂት ጥቅል ጎመን ተክለን ለቤታችን እንጠቀምበታለን። በክረምቱ ወራት ቅጠሉ ደኅና ነበር፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ግን በየቀኑ እየተበሳሳ ወንፊት መስሏል። ቅጠሉን ገልብጬ ስመለከት ርዝመታቸው ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙም የማይበልጥ አረንጓዴ ትሎች አገኛለሁ፤ በጣቴ ስነካቸው ወደ ኋላ እየተወራጩ በቀጭን ክር ተንጠልጥለው ወደ መሬት ይወርዳሉ። ጎረቤታችን ማላታይን የተባለውን ፀረ ተባይ እንድረጭ መክረውኛል፤ ሆኖም ልጆች የሚመገቡት ቅጠል በመሆኑ እጄ አልደፈረም። ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ

እህታችን፣ ሲነኩት የሚወራጭና በክር የሚወርድ ነው ማለትዎ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ይህ በክንፎቹ መጋጠሚያ ላይ አልማዝ መሰል ምልክት ያለው፣ ግራጫማና በጣም ትንሽ የሆነ የእሳት ራት ዕጭ ሲሆን፣ የጎመን ዘሮችን ሁሉ ያጠቃል። ገና ትንሽ ሳለ የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ ብቻ ፍቆ ስለሚበላ፣ የላይኛው ስስ ሽፋን እንደ ነበረ ይቀርና ብርሃን ያሳልፋል፤ ቀዳዳው ጎልቶ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ቅጠልዎ ላይ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ሲያዩ ወዲያውኑ ይገልብጡት።

በክረምት ያልታየው ዝናቡ ትናንሾቹን ዕጮች እያጠበ ስለሚያወርዳቸው ነው። በበጋ ግን ከእንቁላል እስከ በራሪ ራት ለመድረስ እንደ ሙቀቱ መጠን ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት ገደማ ስለሚበቃው፣ አንድ ጊዜ አጽድተው ቢተዉት ተመልሶ ይሞላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቅጠሉን እየገለበጡ መመልከት ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል። በቅጠሉ ሥር ከትሉ አጠገብ ጥቃቅን ነጭ ወይም ቡናማ ከረጢቶች ቢያገኙ ግን ሁሉንም አይጨፍልቋቸው፤ አንዳንዶቹ በትሉ ሰውነት ውስጥ እንቁላላቸውን እየጣሉ የሚገድሉት የትናንሽ ተርቦች ናቸውና።

መልስ፦ ከቢሾፍቱ

እኔ ለብዙ ዓመታት በጓሮዬ የምሠራው የሚከተለው ነው። አመሻሹ ላይ ውኃውን በማጠጫ ከላይ፣ ከዚያም ከቅጠሉ ሥር ጠንከር አድርጌ እረጫለሁ፤ የሚወርደው ይወርዳል፣ ራቶቹም እንደ ልባቸው አይገናኙም። የቀረውን በእጄ ለቅሜ በሳሙና ውኃ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ያረጁትን የታችኛውን ቅጠሎችና ምርታቸውን የጨረሱ አገዳዎችን በመደቡ ላይ ፈጽሞ አልተውም፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ትውልድ የሚፈለፈለው ከእነርሱ ላይ ነው። በአጥሩ ሥር የበቀለ ሰናፍጭ ካለም ይነቀል፣ እርሱም የጎመን ዘመድ ነውና ያስጠጋቸዋል።

ዶሮ መልቀቅን ብዙዎች ይመክራሉ፤ ዶሮዋ ግን ትሉን ብቻ ለይታ አትበላም፣ ቅጠሉንም ትጨርሰዋለች። አዲስ ችግኝ ሲተክሉ ግን በቀጭን ቀርከሃ ላይ ስስ የመጋረጃ ጨርቅ ወጥረው ዳር ዳሩን በአፈር ቢይዙት ራቷ እንቁላሏን የምትጥልበት ቦታ ታጣለች። ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር በመድኃኒት የተነከረ ስለሆነና ዓላማውም ሌላ ስለሆነ ለዚህ አይዋል።

መልስ፦ ከድሬዳዋ

በእኛ አካባቢ የኒም ዛፍ በየግቢው ስላለ የምንጠቀመው እርሱን ነው። የበሰለው ፍሬ ሥጋው ተልጦ፣ ውስጡ ያለው ዘር በጥላ ሥር በሚገባ ከደረቀ በኋላ ቅርፊቱ ይወገድና በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ከዱቄቱ 50 ግራም ለአንድ ሊትር ውኃ ተደርጎ ሲያድር፣ በማግስቱ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይጨመርበትና በዚያው ቀን ወደ ማታ ከቅጠሉ ሥር ይረጫል። ፀሐይ ኃይሉን ቶሎ ስለምታጠፋው ጧት መርጨት ድካም ነው። ትሉ ወዲያው ሲሞት ባያዩ ተስፋ አይቁረጡ፣ ኒም በቅጽበት አይገድልም፤ ምግቡን ያስጠላዋል፣ ቆዳውንም ቀይሮ እንዳያድግ ያደርገዋል። በመጀመሪያ በአንድ ተክል ላይ ሞክረው ቅጠሉ አለመቃጠሉን ያረጋግጡ።

መልስ፦ ከአዳማ

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ትሉ ከበዛ ማላታይን በአንድ ቀን ይገላግላል። እኛ ስንረጭ ኖረናል፣ አትክልቱንም በልተናል።

መልስ፦ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ

ወንድሜ፣ አስተያየትዎን አከብራለሁ፤ በዚህ ነጥብ ግን አልስማማም። ማንኛውም ፀረ ተባይ ከተረጨ በኋላ ምርቱ እስኪሰበሰብ ድረስ የሚጠበቅ ጊዜ አለው፤ የሐበሻ ጎመን ግን በአንድ ቀን የሚታጨድ ሳይሆን በየሳምንቱ ቅጠል ቅጠሉ እየተቀጠፈ የሚበላ ስለሆነ፣ በቤት ውስጥ ያንን ጊዜ የሚጠብቅ ሰው አይገኝም። በዚያ ላይ መርዙ እነዚያን ተርቦች ቀድሞ ይጨርሳል። ይህ ራት ደግሞ መድኃኒት በመላመድ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በኢንዶኔዥያ ዲዲቲ የተባለውን ፀረ ተባይ መቋቋሙ ተመዝግቧል። በአገራችን ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ በአዋጅ ቁጥር 674/2002 የተደነገገ ቢሆንም፣ በውኃ ፕላስቲክ ተቀንሶ ያለ ጽሑፍ የሚሸጥ አለና እርሱን ወደ ቤት ማስገባት ለልጆች ትልቅ አደጋ ነው።

መግዛት ካስፈለገ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ወይም በአጭሩ ቢቲ የሚባለውን፣ ከባክቴሪያ የሚዘጋጀውን መድኃኒት ከታወቀ የግብርና መድኃኒት መደብር ይጠይቁ። ትሉ ከቅጠሉ ጋር ሲበላው በሰዓታት ውስጥ መብላቱን ያቆማል፣ በጥቂት ቀናትም ይሞታል፤ ለሰውና ለንብ ያለው ጉዳት እጅግ አነስተኛ ነው። የሚሠራው ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ነው፤ አመሻሹ ላይ ከቅጠሉ ሥር ይረጫል፣ መጠኑም በዕቃው ላይ እንደተጻፈው ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከኮተቤ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አዲስ ከተከልኳቸው የጥቅል ጎመን ችግኞች ሁለቱን ጧት ስነሣ ከአፈሩ ልክ ተቆርጠው ወድቀው አገኘኋቸው። ይህም የዚያው ትል ሥራ ነው? የተበሳሳውንስ ቅጠል መብላት እንችላለን?

መልስ፦ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ

አይደለም፣ ያ ቆራጭ ትል ነው። ቀን ቀን በአፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛና ሌሊት ወጥቶ ግንዱን ይቆርጣል፤ በቅጠል ላይ የሚረጭ ነገር አያገኘውም። በወደቀው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን በጣትዎ ጥቂት ሳንቲሜትር ያህል ቢጭሩ ወፍራምና አፈር የመሰለ ትል ያገኛሉና ያስወግዱት። ለቀሩት ችግኞች ታችና ላይ የተከፈተ የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ቀለበት በግንዱ ዙሪያ ግማሹ በአፈር ውስጥ እንዲገባ አድርገው ይትከሉ።

የተበሳሳውን ቅጠል መብላት ይቻላል። ከመከተፉ በፊት ጨው በተደረገበት ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፈው፣ ከዚያ ቅጠል በቅጠል እያገላበጡ በንጹሕ ውኃ ይጠቡት፤ የተደበቀው ትል በዚህ ይወጣል።