የመጽሔት ዓመታዊ የበጎ ሥራ ሽልማት፦ ተሸላሚውን ማን ይምረጥ?

ጠያቂ (የዝግጅት ክፍል ባልደረባ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራበት ወርኃዊ መጽሔት ከመጪው ዓመት ጀምሮ በሰብዓዊ ርዳታና በማኅበረሰብ አገልግሎት የደከሙ ሰዎችን በየዓመቱ ለመሸለም ወስኗል። የሥነ ሥርዓቱን ወጪ በከፊል ለመሸፈን የተስማማ አንድ የማስታወቂያ ደንበኛችን ግን ሥራ አስኪያጁን በእጩነት እንድንይዝለት ጠይቋል። ሰውየው በእርግጥም ብዙ የሚረዱ ናቸው። ከባልደረቦቼ ገሚሱ «ሥራቸው እውነት እስከሆነ ድረስ ምን ችግር አለው?» ይላል፤ እኔ ግን ሽልማቱ ገና ሳይወለድ ስሙ እንዳይጎድፍ እሰጋለሁ። ጥቆማውንና ምርጫውን ለአንባቢ ክፍት እናድርግ ወይስ ለዳኞች እንተው የሚለውም አልተቋጨም። ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉን ደስ ይለኛል።

መልስ 1 (ብዕረኛው)፦
በቅድሚያ «የዓመቱ ሰው» ብሎ መሰየምና መሸለም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መለየት ይበጃል። ታይም መጽሔት ከእ.ኤ.አ. 1927 ጀምሮ የዓመቱን ሰው ሲመርጥ መለኪያው ደግነት ሳይሆን፣ በበጎም ሆነ በክፉ በዓመቱ ዜና ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የ1935ቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ የ1938ቱ አዶልፍ ሂትለርና በ2014 ኢቦላን የተዋጉት የጤና ባለሙያዎች አብረው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ታይም ሂትለርን መረጠ ማለት አመሰገነው ማለት አይደለም፤ እናንተ ግን የምትመርጡትን ሁሉ አመሰገናችሁት ማለት ነውና ምስክርነታችሁ በገንዘብ የተገዛ እንዳይመስል መጠንቀቅ አለባችሁ። ደንበኛችሁ ገንዘብ በሚሰጥበት ዓመት ሥራ አስኪያጁ እጩ አይሁኑ። በእርግጥ የሚገባቸው ከሆኑ፣ ድርጅታቸው ምንም ባልከፈለበት ዓመት ሌላ ሰው ይጠቁማቸዋል።

መልስ 2 (እማኝ)፦
«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» እንዲሉ፣ እኔም በአንድ ማኅበር የሽልማት ኮሚቴ ውስጥ እስክገባ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አሸናፊውን በአንባቢ ድምፅ ወሰንን፤ ያሸነፈው ብዙ የሠራው ሳይሆን ብዙ ተከታይ ያለው ሆነ። አረጋውያንን ለዓመታት በቤታቸው ስትንከባከብ የኖረች አንዲት ነርስ አሥራ አንድ ድምፅ ብቻ ማግኘቷን እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ጥቆማውንና ውሳኔውን ለዩ። በኖቤል የሰላም ሽልማት መጠቆም የሚችሉት የፓርላማና የመንግሥት አባላት፣ የተወሰኑ የትምህርት ዘርፎች ፕሮፌሰሮች፣ የቀድሞ ተሸላሚዎችና የመሳሰሉት ብቻ ናቸው፤ ራስን መጠቆም አይፈቀድም፣ የእጩዎቹም ማንነት ለ50 ዓመት በምስጢር ይያዛል። ያኮብ ፎን ኡክስኩል የቴምብር ስብስቡን ሸጦ በእ.ኤ.አ. 1980 የመሠረተው፣ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ግን ጥቆማውን ለማንኛውም ሰው ክፍት አድርጎ ውሳኔውን ለዳኞች ይተዋል። ለመጽሔት የሚስማማው ይህኛው ይመስለኛል፤ አንባቢ ከዝግጅት ክፍሉ ዓይን የተሰወረውን ሰው ያያልና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ማጣራቱ ነው። ጠቋሚው የጻፈውን ብቻ አትመኑ፤ እጩው የላከውን ሪፖርትማ ጨርሶ። ሄዳችሁ ርዳታው የደረሳቸውን ሰዎች፣ እጩው በሌለበት፣ አነጋግሩ። አብረውት ሠርተው የለቀቁትንም ጠይቁ፤ እኛ አንድ እጩ የበጎ ፈቃደኞቹን አበል ለወራት እንዳልከፈለ ያወቅነው ከእነርሱ ነው። ለነገሩ ጋዜጠኞች ናችሁና ይህ ከማንም ይልቅ የእናንተ ሙያ ነው።

መልስ 3 (ዘመነ)፦
በማጣራቱ እስማማለሁ፤ ሆኖም የዛሬው ማጣሪያ ለነገ ዋስትና አይሆንም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በእ.ኤ.አ. 2009 በወቅቱ ለዲሞክራሲ ይታገሉ ለነበሩት የማይናማር ፖለቲከኛ ለአውንግ ሳን ሱ ቺ የሰጠውን ሽልማት በ2018 ሽሮታል፤ የኖቤል መተዳደሪያ ግን አንዴ የተሰጠ ሽልማት እንዲነጠቅ አይፈቅድም። እናንተም የትኛውን መንገድ እንደምትከተሉ የመጀመሪያውን ተሸላሚ ከመምረጣችሁ በፊት በጽሑፍ ወስኑ፤ ችግሩ ከመጣ በኋላ የሚወጣ ደንብ በቀል ነው የሚመስለው።

ስለ ግብዣውም አንድ ነገር ልበል። ማዘር ቴሬዛ በእ.ኤ.አ. 1979 ኖቤልን ሲቀበሉ የክብር እራቱ ቀርቶ ገንዘቡ ለድሆች እንዲውል ጠይቀው ነበር። ስፖንሰር ያስፈለጋችሁ ለአዳራሽና ለምግብ ከሆነ፣ መጀመሪያ ነገር ግብዣው ለምን አስፈለገ?

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሳባችሁን ለዋና አዘጋጁ አቅርቤ ዛሬ ተወያይተንበታል። ጥቆማው ለአንባቢ ክፍት ይሆናል፤ ውሳኔውን ከመጽሔቱ ውጭ የሚመረጡ አምስት ዳኞች ይሰጣሉ፤ የማስታወቂያ ክፍላችን በስብሰባቸው አይገኝም። ለደንበኛችን ሥራ አስኪያጁ ዘንድሮ እጩ እንደማይሆኑ በደብዳቤ እናሳውቃለን። ገንዘቡን ካነሣም አዳራሹን ትተን የተሸላሚዎቹን ታሪክ በመጽሔቱ ላይ በስፋት እናወጣለን።