ቲቢ ሳይታወቅ የሚያልፈው በማን ጥፋት ነው?

የመንዝ ልጅ፦ ጥያቄዬ ቀጥታ ነው። መመሪያው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው አክታው ይመርመር ይላል። እኛ ሰፈር ግን ሳል ይዞት ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው አሞክሳሲሊን ይዞ ይመለሳል። ይሄ የባለሙያው ግዴለሽነት ነው። ሰሜን ሸዋ ያላችሁ ተከራከሩኝ።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ የገበያ ቀን መጥተህ ወንበሬ ላይ ተቀመጥ፣ ካርዱ ተቆልሎ ይጠብቅሃል። ደጋው ላይ ደግሞ የማያስል ማን አለ? ብርዱ፣ የማጀቱ ጭስ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስለው «ትናንት ብርድ መታኝ» ይለኛል። ሚስቱ ከጎኑ «ኧረ ከጥምቀት ጀምሮ ነው!»

የመንዝ ልጅ፦ ሚስቱ ባትመጣስ? አጥብቆ መጠየቅ የማን ሥራ ነው?

የላብራቶሪው ሰው፦ መጠየቁ ብቻውን አይበቃም። በማይክሮስኮፕ እንዲታይ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ገደማ ባክቴሪያ መኖር አለበት። በሽተኛው እንዴት አክታ እንደሚያወጣ ሳይነገረው ምራቅ ይዞልኝ ይመጣል፣ ምን ልይ? ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የምርመራ ማሽን ቲቢን 2 ሰዓት ገደማ ውስጥ ይለያል። ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት የተላመደ መሆኑንም ያሳያል። ግን ማሽኑ በየጤና ጣቢያው የለም፣ ናሙናው ይላካል። ውጤቱ ሲመለስ ሰውየው ቀዬው ገብቷል። ስልኩ ካልተመዘገበ አለቀ። የሠለጠነውም ባለሙያ ይዛወርና አዲሱ ከዜሮ ይጀምራል።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ዘለላችሁ። ባለሙያውም ሰው ነው፣ ይፈራል። ጠባብ ክፍል ውስጥ መስኮት ተዘግቶ፣ ደህና ጭምብል ሳይኖረው የሚያስለውን ቶሎ ቢሸኝ ምን ይገርማል?

ነርሷ፦ እውነትዎን ነው ጋሼ። መስኮቱን ስከፍት ደግሞ በሽተኞቹ ራሳቸው «ዝጊው፣ ብርድ ጨረሰን» ይሉኛል። የደብረ ብርሃንን ሐምሌ ያውቁት የለ!

የመንዝ ልጅ፦ ማሽኑም መስኮቱም ይሁን፣ ተቀበልኩ። ይሄኛው ግን አሁንም አልተዋጠልኝም፦ አጎቴ ቤት አንዱ ልጅ የ6 ወሩን መድኃኒት ጀመረ። አብረውት የሚያድሩትን ሕፃናት «ኑ፣ ተመርመሩ» ያላቸው የለም። ይሄ ማሽን ይፈልጋል?

ነርሷ፦ እዚህ ላይ አልከራከርህም። ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ልትሄድ ይገባ ነበር። እሷም ክትባቱ፣ ነፍሰ ጡሩ፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ የተጫነባት ናት፤ ቢሆንም የቤተሰብ ምርመራ ሊዘለል አይገባም። ቀበሌውን በውስጥ መስመር ላክልኝ። ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው?