ከአዲስ አበባ የገዛኋት የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዋ አስቸገረኝ፣ ሻጩን በሕግ መጠየቅ ይቻላል?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያው ሁሉም ወደ ኤሌክትሪክ እየዞረ አይደል፣ እኔም አዲስ አበባ ካለ አስመጪ አዲስ ገዝቼ ደሴ ኮምቦልቻ እየተመላለስኩባት ነው። መጀመሪያ ላይ ወላሂ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ግን ቻርጅ ላይ ስሰካት መሀል ላይ ታቆማለች፣ ዳሽቦርዱ በቻይንኛ የሆነ ነገር ይጽፋል፣ ስረግጣት ጉልበት የላትም። ጋራዣቸው ወሰድኳት፣ ኮምፒውተር ሰክተው ሶፍትዌር ነው ብለው ሰጡኝ፣ ብዙም ሳትቆይ ያው። አሁን ደግሞ የናንተ አገር ዳገት ነው ያበላሻት፣ ዋራንቲ አይሸፍነውም ይሉኛል። ካሊፎርኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ እዚያ አዲስ መኪና ተጠግኖ ተጠግኖ አልድን ካለ ፋብሪካው ራሱ መልሶ ይገዛል ይለኛል። እኛ ጋር እንዲህ ያለ ሕግ አለ?

ሰኞ ገበያ፦
ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን የሐረጎን ዳገት ሳያዩ መኪና ይሸጣሉ እንዴ 😂 አብሽር ወንድሜ

ውል አንባቢ፦
ለመኪና ብቻ ተብሎ የወጣ የለንም፣ ግን ባዶ እጅህን አይደለህም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይ ብሬ ይመለስ ማለት ይችላል ይላል። ያ ካለፈህ ደግሞ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ የሽያጭ ክፍል አለልህ፣ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ ነው። ነገር ግን ጉድለቱን እንዳየህ ቶሎ ማስታወቅ አለብህ፣ ካስታወቅክ በኋላም በ1 ዓመት ውስጥ ካልከሰስክ መብትህ ይቀራል። ሰው የሚበላው እዚች ላይ ነው፣ ነገ ና ከነገ ወዲያ ና እያሉ ጊዜውን ያስጨርሱታል። ደውዬ ነግሬዋለሁ አይበቃም፣ ጽፈህ በሪኮማንዴ (ደረሰኝ ባለው የአደራ) ፖስታ ላክ፣ ኮፒውን ያዝ። ጋራዥ በገባች ቁጥርም ወረቀት ተቀበል።

የኮምቦልቻ መካኒክ፦
ዳገቱን ለኔ ተውልኝ። ከኮምቦልቻ ደሴ 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፣ ባትሪ ቶሎ መውረዱ ኖርማል ነው፣ ስትወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ትንሽ ይሞላልሃል። ዳገት ግን ቻርጅ አያቋርጥም! ብቻ የቤትህ መስመር ደካማ ከሆነ እሱም ያቋርጣልና ሌላ ቦታ ሰክተህ ሞክር፣ አለበለዚያ መብራቱ ነው ብለው ያመልጡሃል። ቀጥሎ መኪናዋ የምታሳየውን የብልሽት ኮድ ሳያጠፉት ፎቶ አንሳው፣ የሴሎቹን (ባትሪው ውስጥ የተደረደሩትን ትንንሽ ባትሪዎች) ቮልቴጅና የባትሪውን ጤንነት የሚያሳየውን ገጽ ፕሪንት አስደርግ። ያለ እሱ ያንተ ቃል በነሱ ቃል ነው።

እናት ወሎ፦
ልጄ ፍርድ ቤት መመላለሱ አያዋጣህም፣ ክሱም ሻጩ ያለበት ወይ ውሉ የተፈረመበት ነው የሚሆነው፣ ማለት አዲስ አበባ። መጀመሪያ ሽማግሌ ላክ።

ውል አንባቢ፦
እትዬ ሽምግልናውን አልጠላሁትም፣ ግን ደብዳቤው ከወጣ በኋላ ይሁን። ሽማግሌ ሲቀመጥ ጊዜው አይቆምም።

የጦሳ ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አንድ የደበቅኳችሁ ነገር አለ፣ ውሉ ላይ ዋጋው ከከፈልኩት አንሶ ነው የተጻፈው፣ ለታክሱ ብለው። ደግሞ ሻጭ ተብሎ የተጻፈው ደላላው ነው።

ውል አንባቢ፦
ኧረ በአላህ! እንግዲህ ብር ይመለስ ቢባል እነሱ የሚያሳዩት ውሉ ላይ ያለውን ነው፣ ለዚያውም አንተም ፈርመህበታል። ውሉ ላይ ካለው በላይ ያለውን የከፈልከው በባንክ ከሆነ ስቴትመንቱን አውጣ፣ በካሽ ከሆነ ግን ከባድ ነው። በደላላው ብቻ አትንጠልጠል፣ አዋጁ ላይ ሸማች ለደረሰበት ጉዳት አስመጪውንም ቸርቻሪውንም በአንድነት ወይ በተናጠል መጠየቅ ይችላል፣ የጉምሩክ ወረቀቷ (ዲክላራሲዮኑ) ላይ ማን እንዳስገባት እይ። አንተ ካለህበት ሁኔታ ገንዘብ ከመጠየቅ ባትሪው ይቀየርልኝ ማለቱ ይሻልሃል፣ ባትሪ ሲቀየር ውሉ ላይ ስንት ተጻፈ የሚል የለም። ደብዳቤውን ከመላክህ በፊት ጠበቃ ያንብበው።

የኮምቦልቻ መካኒክ፦
ሐሙስ ይዘሃት ውረድ፣ ማሽኑ አለኝ፣ ሴሎቹን እናያለን። ከመምጣትህ በፊት እስከ መቶ አትሙላት።