ክርክር፦ ስኳር ያለበት ሰው እንጀራ ይተው?

አወያይ፦ የአንድ አባላችን አባት ስኳር እንዳለባቸው በቅርቡ ተነግሯቸዋል። ዘመድ ደግሞ «እንጀራ የሚባል አይንኩ፤ የጥንት ሰው ሥጋና ቅቤ ነበር የሚበላው» አላቸው። ምን ትላላችሁ? ስድብ አይፈቀድም።

የቦሌው፦ ዘመዱ ልክ ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለው። አገር በቀል ነው ብሎ ቆሽት አያዝንልንም። እኔ እንጀራ ከተውኩ ወዲህ ክብደቴም ስኳሬም ወርዷል።

የማርቆስ ልጅ፦ የማን ጥንት? የቦረናና የአፋር አርብቶ አደር በወተትና በሥጋ አደገ፣ ጉራጌው በቆጮ፣ የእኔ አያት በጤፍና በሽሮ። ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ገደማ በሚጾምበት አገር ቅቤ የአያቶቻችን የዘወትር ምግብ ነበር ማለት ቀልድ ነው። ሥጋማ ለፋሲካ!

ከሃይፋ፦ ማስረጃው እኛው ነን። ቤተ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1984 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል ስንገባ ስኳር ያለበት ሰው የለም ማለት ይቻል ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን በሽታው በወጣቶቻችን ላይ ሳይቀር በዛ። በጎንደር ገጠር እንጀራው ነበር፣ በሽታው አልነበረም። እዚህ ጤፍ ሲጠፋ እናቶቻችን በነጭ የስንዴ ዱቄት ጋገሩ፣ ጭማቂና ለስላሳ ገበታ ላይ ወጣ፣ የእግር መንገዱም ቀረ።

የቦሌው፦ ድሮ አገር ቤት ማን ለክቶ ነው «አልነበረም» የምትለው?

ከሃይፋ፦ ስንደርስ እዚሁ ተመርምረናል እኮ።

የቦሌው፦ እሺ፣ ይሁን። ግን አያቶቻችሁ ቀኑን ሙሉ ሲያርሱና ሲወጡ ሲወርዱ ይውሉ ነበር። እኔ ቢሮ ተቀምጬ እየዋልኩ የእነሱን ያህል እንጀራ ልብላ?

የማርቆስ ልጅ፦ እሱንስ አልከራከርህም። ይቀነስ ማለትና ይጥፋ ማለት ግን ይለያያል።

ነርሷ፦ በየቀኑ የማየውን ልንገራችሁ። ታካሚው «እንጀራ ቀንሻለሁ» ይላል፤ ቁርሱን ስጠይቀው ፍርፍር፣ የሚጠቀልልበት ሌላ እንጀራ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ። እንጀራን በእንጀራ በላ ማለት ነው! ግማሽ እንጀራ በጎመንና በምስር ሌላ ነገር ነው። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ከነገለባው ነው የሚፈጨው፤ ነጭ ዱቄት ይህ የለውም። ሩዝ የተቀላቀለበትን የሱቅ እንጀራ ግን በጤፍ ስም አትመኑት። ለማንኛውም ከምግብ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክቶ ማየት ከክርክሩ ይበልጣል፤ የአንዱ ሰውነት እንደሌላው አይደለም።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። አባዬ ከትናንት ጀምሮ እንጀራ አልነኩም፣ ሥጋ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት አልቧቸው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነርሷ፦ ምንድን ነው የሚወስዱት?

ጠያቂው፦ ግሊቤንክላሚድ የሚባል የስኳር ክኒን።

ነርሷ፦ ክርክሩ ይቆየን። ይህ መድኃኒት ምግብ ሲቀነስ ስኳርን ከልክ በላይ ያወርዳል፤ ኢንሱሊንም እንዲሁ። አሁኑኑ ለካላቸው። ከ70 በታች ከሆነ ወይም መለኪያ ከሌለህ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ስጣቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድገምና ለካ፣ ከዚያ ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም ሳትሰጥ ወደ ሆስፒታል ሩጥ። ተሽሏቸውም ቢሆን ዛሬውኑ ሐኪማቸው ጋ ውሰዳቸው፤ ምግቡ ከመድኃኒቱ መጠን ጋር አብሮ ነው የሚስተካከለው።

ጠያቂው፦ 58 ይላል። ሻዩን እየሰጠኋቸው ነው።