ምሥራቅ ጀርመን ሕዝቧን ከእምነት ያራቀችበት መንገድ ደርግ ዘንድ ለምን አልሠራም?

ጠያቂ፦ አባ ጅፋር ሰፈር

ሰላም ለሁላችሁ። ሰው በእግዚአብሔር የሚያምንበትና የማያምንበትን ምክንያት ለመረዳት ሁለት አገሮች እያነጻጸርኩ ነበርና አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ምሥራቅ ጀርመንም ደርግም ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን መመሪያቸው አድርገው፣ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እያሉ በትምህርት ቤትና በስብሰባ አስተምረዋል። ዛሬ የቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን በዓለም ላይ አምላክ የለሾች ከሚበዙባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። እኛ ዘንድ ግን ደርግ ሲወድቅ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ሞልቶ ነው የተገኘው። «የእኛ ሕዝብ ድሮም ሃይማኖተኛ ነው» የሚለው መልስ አላረካኝም፤ ጀርመኖቹም እ.ኤ.አ. በ1950 ከመቶው ከዘጠና በላይ የቤተ ክርስቲያን አባላት ነበሩ። ልዩነቱ ከምን መጣ? ከጊዜው ርዝመት? ከጭካኔው? ከድህነት? የምታውቁ በዝርዝር ብታስረዱን።

መልስ 1፦ ነዋሪነቱ ላይፕዚግ

ጭካኔውን ተወው። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ቀሳውስት አስሯል፣ ምእመናንን አዋክቧል፤ እንደ ደርግ ግን ፓትርያርክ አልገደለም። ሕዝቡን የለወጠው ስብከቱም አይደለም። አንድ ሥርዓት ነው፤ ዩገንድቫይኸ (የወጣቶች ምረቃ በዓል) ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በጀርመን ፕሮቴስታንቶች ዘንድ ልጅ 14 ዓመት ገደማ ሲሞላው በጸደይ ወራት ጉባኤ ፊት ቆሞ እምነቱን ያጸናል፤ ኮንፊርማሲዮን ይሉታል። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ድግስ ይደገሳል፣ ስጦታ ይሰጣል። መንግሥት ይህን በዓል አልከለከለም። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ በዚያው ዕድሜ፣ በዚያው ወቅት የራሱን በዓል አቆመ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች አስቀድመው ስለ ሳይንስና ስለ ሶሻሊዝም ይማራሉ፤ ከዚያ አዲስ ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ ይወጡና ለሶሻሊስት መንግሥት ቃል ይገባሉ፤ መጽሐፍና አበባ ይቀበላሉ። ድግሱም ስጦታውም ከቀድሞው አይለይም።

ቤተ ክርስቲያን «ሁለቱን ማድረግ አይቻልም» አለች። ወላጅ ተጨነቀ፤ እምቢ ካለ ልጁ ወደ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት በር ይጠብበታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እምቢ ያለው ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. 1960 ሲደርስ አብዛኛው ቤተሰብ እጁን ሰጥቶ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የማይሳተፍ ልጅ እምብዛም አልነበረም።

አሁን ይህ በልጁ ላይ ያደረገውን ተመልከት። ወላጆቹ በልባቸው ያምኑ ይሆናል። ልጁ ያየው ግን እምነት ዋጋ ማስከፈል ሲጀምር የሚተው ነገር መሆኑን ነው። እሱ ወላጅ ሲሆን የሚያስጠምቅበት ምክንያት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1950 ከመቶው 92 ገደማ የነበረው አባልነት እ.ኤ.አ. በ1964 ቆጠራ ወደ 67 ገደማ ወርዷል፤ በ14 ዓመት ማለት ነው። ለጋብቻውም ለቀብሩም የሚሆን ዓለማዊ ሥርዓትና ንግግር የሚያደርግ ሰው ተዘጋጅቶ ስለነበር፣ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ሰው የሚቀብረው አያጣም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መሬቱም ቀድሞ ለስልሷል። በምሥራቅ ጀርመን ግዛቶች በሳክሶኒና በቱሪንጊያ ያለው የፋብሪካ ሠራተኛ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን ርቆ ነበር። ዩገንድቫይኸ ራሱ ከኮሙኒስቶቹ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1852 ነፃ አሳቢዎች የጀመሩት ነው።

መልስ 2፦ ቀጨኔ

ከላይ የተባለውን ይዤ ወደ እኛ ልመልሰው፤ ደርግ የሠራውን ብቻ ሳይሆን ያልሠራውንም ማየት ስላለብን።

የመታውማ መትቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ተወረሰ። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ተነሡ፣ በ1971 ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ዓመት ተገደሉ። የቀበሌ ስብሰባ እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት ይጠራ እንደነበር በዚያ ዘመን የኖረ ሁሉ ይናገራል።

ነገር ግን ክርስትና የሚነሣው ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው። ደርግ ለ40ኛው ቀን የሚሆን ምን አቀረበ? ምንም። ለተክሊሉ፣ ለፍትሐቱ፣ ለተዝካሩስ? ለኒካሁና ለጀናዛውስ? ምንም። ሞት ሲመጣ የቀበሌው ሊቀመንበርም አስከሬን ይዞ የሚሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ሙስሊም መቃብር ነው፤ ከኋላው እድርተኛው ይከተላል። የፓርቲ አባል አባት ከጥምቀቱ ቢርቅ እንኳ አያት ሕፃኑን ይዛ ትሄዳለች። በዚህ ላይ ሥርዓቱ ከራሱ ጋር ይጋጭ ነበር፤ ኢድ አል ፈጥርን፣ አረፋንና መውሊድን በታኅሣሥ 1967 ብሔራዊ በዓል ያደረገው ራሱ ደርግ ነው። ለሙስሊሙ ይህ ትልቅ ክብር ነበር።

መሬቱ መወረሱም ያልታሰበ ውጤት አመጣ። ለአገልግሎቱ ከሚያዝ የሰሞን መሬት ይኖር የነበረው ካህን አሁን ኑሮው በምእመኑ እጅ ወደቀ። የሰበካ ጉባኤ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ በአቡነ ቴዎፍሎስ ጥረት በ1965 ወጥቶ ስለነበር የሰበካ ጉባኤው መዋቅር ዝግጁ ሆኖ ጠበቀ። ምእመኑ ከደመወዙና ከምርቱ እየከፈለ አጥቢያውን አቆመ። ልጅ አባቱ ከጎደለው ላይ ቆንጥሮ ሲሰጥ ያያል። ጀርመን ውስጥ ልጁ ያየው የዚህን ተቃራኒ ነው።

የመሠረተ ክርስቶስ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ደግሞ ማንም ሊዘለው አይገባም። በ1974 ዓ.ም. ተዘጋች፤ ሕንፃዋና ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿ ታሰሩ። የቀሩት ከአምስት እስከ ሰባት ሰው እየሆኑ በየቤቱ ይገናኙ ጀመር፤ ቁጥሩ ሲጨምር ለሁለት ይከፈላሉ። ቡድኖቹን በማስተማርና መልእክት በማድረስ ሴቶች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ስትዘጋ አባሏ 5 ሺህ ገደማ ነበር፤ ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆኖ ወጣ።

መልስ 3፦ ቆጠራ ባለሙያ

ሁለታችሁም ያቀረባችሁት ትክክል ነው፤ ግን የሁለቱ አገሮች ቁጥሮች የሚለኩት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ይህ ካልተለየ ንጽጽሩ ይበላሻል።

የኢትዮጵያ ቆጠራ የሚጠይቀው «ሃይማኖትህ ምንድን ነው» ብሎ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መልስ የሚሰጠውም የቤቱ ኃላፊ ነው። የማያምን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እናቱ ቤት ካለ ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ኦርቶዶክስ 43.5፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት ከ18 በመቶ በላይ ሲል የሚነግረን ሰው ራሱን ከማን ጋር እንደሚቆጥር ነው፤ በልቡ ያለውን አይደለም። ያም ሆኖ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 10 በመቶ ገደማ የነበረው ፕሮቴስታንት ወደ 18 ማደጉ የአቆጣጠር ስሕተት ሊሆን አይችልም።

የጀርመኑ ቁጥር የመጣው ከሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በብዙ አገሮች በተካሄደው ጥናት ሰው ከስድስት መልስ አንዱን ይመርጣል፤ «በእግዚአብሔር አላምንም» ከሚለው ጀምሮ፣ ማወቅ አይቻልም፣ አንድ ኃይል አለ፣ አንዳንዴ አምናለሁ፣ እየተጠራጠርኩም አምናለሁ እያለ «መኖሩን አውቃለሁ፣ ጥርጥር የለኝም» እስከሚለው ድረስ። በምሥራቅ ጀርመን ከመቶው 52 ያህሉ የመጀመሪያውን መረጡ፤ በምዕራቡ 10 ያህሉ።

ፍርሃትም መልስን ያጣምማል፤ ሁልጊዜ ግን ወደምንጠብቀው ጎን አይደለም። የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ስታሊን እ.ኤ.አ. በ1937 ቆጠራ ላይ የእምነት ጥያቄ አስገብቶ ነበር። ሽብሩ ከፍ ባለበት ዓመት፣ ለመንግሥት ሠራተኛ ፊት ለፊት እየመለሱ፣ ዕድሜያቸው ከ16 በላይ ከሆኑት 55 ሚሊዮን ያህል ሰዎች «አማኝ ነኝ» አሉ፤ ከመላሾቹ ከግማሽ በላይ ናቸው። ውጤቱ ታፈነ፤ የቆጠራው ኃላፊዎች ታሰሩ።

ራስህ ልትጠይቅ ካሰብክ ሦስቱን ለይ፦ ምን ትባላለህ፣ ምን ታደርጋለህ፣ ምን ታምናለህ። ከድርጊቱ ጀምር (ባለፈው ሳምንት ጸለይክ? ጾምክ?)፤ የእምነቱን ጥያቄ መጨረሻ ላይ፣ ሰውየውን ብቻውን ጠይቅ። ቤተሰቡ ባለበት ከጠየቅክ የምታገኘው የቤተሰቡን መልስ ነው።

መልስ 4፦ ፍልስፍና ክፍል

ጊዜ ነው የሚል ካለ ፖላንድን ይመልከት። ከአርባ ዓመት በላይ በኮሙኒስት አገዛዝ ቆይታ ካቶሊክነቷን ይዛ ወጣች። እዚያ ቤተ ክርስቲያንና አገር አንድ ሆነው ስለታዩ፣ መካድ ከወገን መለየት ነበር። ስለዚህ ደርግ 17 ዓመት፣ ምሥራቅ ጀርመን 40 ዓመት የሚለው ብቻውን አያስረዳም።

ጆሴፍ ሄንሪች የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረበው ሐሳብ የሁላችሁንም ነጥብ ያገናኛል። ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ የተነገረውን ብቻ አይቀበልም፤ ተናጋሪው ለቃሉ ሲል የሚጎዳ መሆኑን ያያል። ጾም፣ አሥራት፣ እስር ንግግሩን የሚያጸኑት ለዚህ ነው። በቃል ብቻ የተነገረው ሃይማኖት ለቀጣዩ ትውልድ ሳይደርስ ይቀራል።

ግን እባካችሁ ከዚህ አንሻገር። ይህ ሁሉ የሚነግረን እምነት እንዴት እንደሚተላለፍ ነው፤ እግዚአብሔር መኖር አለመኖሩን አይፈርድም። «የምታምነው አያትህ ስለጾሙ ነው» ብሎ አማኙን ማሳፈር የሚፈልግ፣ በምሥራቅ ጀርመኗ ድሬስደን ከተማ ያደገውን ልጅ «የማታምነው አባትህ ስለፈራ ነው» ሊለው ይገደዳል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ የሁለቱም ምክንያት ለማስረጃ አይሆንም። የክፉ ነገር መኖር፣ የፍጥረት መጀመሪያ፣ የኅሊና ሕግ፣ እነዚህ በራሳቸው መመርመር ያለባቸው ናቸው።

ጠያቂ፦ አባ ጅፋር ሰፈር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የቀረኝ፤ የበርሊን ግንብ ፈርሶ ነፃነቱ ሲመጣ ጀርመኖቹ ለምን አልተመለሱም?

መልስ 5፦ ነዋሪነቱ ላይፕዚግ

ብዙዎቹ ራሳቸው የተውት ነገር ስላልነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የሃያ ዓመት ወጣት ከነበሩት አብዛኞቹ ያልተጠመቁ፣ አባቶቻቸውም ብዙውን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ርቀው ያደጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የላይፕዚግ ኒኮላይ ቤተ ክርስቲያን የሰኞ ጸሎት ሕዝቡን ወደ ሰልፍ ሲያወጣ እንኳ፣ ብዙው ሰው የመጣው ነፃነት ፈልጎ ነበርና ነፃነቱ ሲገኝ አልቆየም። ዩገንድቫይኸስ? መሐላውን ጥለው በዓሉን ይዘው ቀጠሉ። ዛሬም በየጸደዩ ማንም ሳያስገድዳቸው እጅግ ብዙ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው ያዘጋጁታል።